«ተመስገን» ስል አትመኑኝ

ለወንድሜ ሠርግ ነበር የመጣሁት። የሦስት ሳምንት ፈቃድ፣ ሁለት ሻንጣ፣ አንድ የሐበሻ ቀሚስ። ስመለስ ስለ ጉዞው እጽፋለሁ ብዬ ማስታወሻ መያዝ ጀምሬ ነበር። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በረራው አጭርና ምቹ። ቤቱ በሠርገኛ ስለሞላ ያረፍኩበት ሆቴል ንጹሕ ነው፤ ሙቅ ውሃው ግን ጠዋት ብቻ። ባለ ባጃጆቹ ጨዋዎች ናቸው፤ ከውጭ መምጣቴን ግን ከጫማዬ ያውቁታል፣ ዋጋውም እንደዚያው። በአምስተኛው ቀን ትርፍ አንጀቴ ተነሳና የቀረው ማስታወሻ ሁሉ ስለ ሆስፒታል ሆነ።

መጀመሪያ እምብርቴ አካባቢ ነው የጀመረኝ። ጥሬ ሥጋ በልቼ ነበርና ጨጓራዬ ነው አልኩ። እህቴ ጤና አዳም ቀጥቅጣ ሰጠችኝ። ሲመሽ ሕመሙ ወደ ቀኝ ጎኔ ወረደ። ኮምቦልቻ አንድ ክሊኒክ አልትራሳውንድ አነሱኝና «ዛሬውኑ ደሴ ሂጂ» አሉኝ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐረጎን ስንወጣ ግን እያንዳንዷን ጉድጓድና መታጠፊያ ሆዴ ቆጠራት። ልጅ ሆኜ ያን ዳገት አንገቴን በመስኮት አውጥቼ እየዘፈንኩ ነበር የምወጣው።

የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም። የምወቅሰው አለኝ፣ የማመሰግነውም አለኝ። ስለ ቀዶ ሕክምናው ብዙ የምለው የለም። ከወገቤ በታች አደንዝዘው ሠሩት፣ ቁስሉም ሳያመረቅዝ ዳነ። ወሬው ያለው ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ሌሊቶች ላይ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ነው። ሰው ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ሽንት ቤት መውሰድ እንጀራዬ ነው። ስለዚህ ተኝቼም ዓይኔ አላረፈም። እዚያ እኔ ደመወዝ የሚከፈለኝን ሥራ እዚህ የሠራችው እህቴ ናት። አስታማሚ ማለት አጠገብ ተቀምጦ የሚያጽናና ሰው ይመስለኝ ነበር። ለካ ግማሽ ነርስ ናት። ፖፖ ታቀርባለች። ግሉኮሱ ሊያልቅ ሲል ሮጣ ትጠራለች። ማዘዣ ይዛ ትወጣና መድኃኒቱን፣ መርፌውን፣ ጓንቱን ሳይቀር ገዝታ ትመጣለች። አጥሚቱን በፔርሙዝ ታስመጣለች። ማታ አልጋዬ ሥር ምንጣፍ አንጥፋ ትተኛለች። የጥር ብርድ ደግሞ ደሴ ላይ ቀልድ አይደለም፤ ሙቀት ለለመደ የኮምቦልቻ ሰውማ ቅጣት ነው። ዘመድ የሌለው ሰው እዚያ ክፍል ቢተኛ ማን ያነሳዋል እያልኩ አሰብኩ። መልሱን በሁለተኛው ቀን አየሁት። ጥግ ላይ ብቻዋን የተኛች ልጅ ነበረች። የሌሎቹ አስታማሚዎች ተራ ገብተው አነሷት። ማንም አላዘዛቸውም።

የመጀመሪያው ሌሊት ነርስ ወጣት ወንድ ነበር። እጁ ይባረክ! የእኔ ደም ሥር አስቸጋሪ ነው፤ ሜሪላንድ ሦስት ቦታ ወግተው ነው የሚያገኙት። እሱ በአንድ ጊዜ ገባ። ግፊቴን ለካ፣ ሙቀቴን ለካ፣ ጻፈ፣ ሄደ። አንድ ቃል የለም። «ይሄ መድኃኒት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «የታዘዘው ነው» አለኝ። መልስ ነው እንግዲህ።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማስታገሻው አለቀ። ጎኔ ተቃጠለ። እህቴ ወደ ነርሶቹ ክፍል ሄደች። ለዚያ ሁሉ ክፍል ሁለት ነርሶች ናቸው ያደሩት፤ በማግስቱ ኮሪደሩን ስራመድ አልጋ ብቆጥር 30 አለፈኝ። አንደኛዋ የመኪና አደጋ የደረሰበት ሰው ጋ ነበረች። «የሚቀጥለው መድኃኒት ሰዓቱ ገና ነው፣ ትንሽ ትቻል በያት» ብላ መለሰቻት። ቻልኩ። ግን ተናድጄ ነው የቻልኩት። ሰዓቱ ገና ቢሆን እንኳ አንድ ሰው መጥቶ ሊያየኝ ይገባ ነበር።

ጠዋት ነርሷ ዞራ ስትጠይቅ ምን ብዬ መለስኩ? «ተመስገን፣ ደህና ነኝ።»

ጥፋቱ የእኔም ነው። ሜሪላንድ ውስጥ አዛውንቶቹን «ከዜሮ እስከ አሥር ሕመምዎ ስንት ነው?» እያልኩ ነው የምውለው። እነሱ ደግሞ «ዘጠኝ» ብለው ቴሌቪዥናቸውን ያያሉ። የወሎ ሰውን እንዲህ ጠይቁት እስቲ። ከጎኔ ከኩታበር የመጡ እናት ተኝተው ነበር፤ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው አንገታቸው ታስሯል። «እንዴት አደራችሁ?» ሲባል በእሳቸው በኩል «አልሐምዱሊላህ»፣ በእኔ በኩል «ተመስገን»። ነርሷ ሁለታችንንም ደህና ብላ ጽፋ ታልፋለች። ሌሊቱን ሁለታችንም ጣሪያ ስንቆጥር ነው ያደርነው። እሳቸው በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው «አብሽሪ ልጄ» ይሉኛል፣ እኔ «አይዞዎት እማማ» እላቸዋለሁ፣ ነርስ ግን አንጠራም።

በሦስተኛው ቀን አንዲት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሲስተር ተረኛ ሆነው መጡ። «እንዴት ነሽ?» አላሉኝም። አልጋዬ ጫፍ ቆመው «እስኪ ሳል በይ» አሉ። ሳልኩ። ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ዓይኔ እንባ ሞላ።

«ይቺ ናት ተመስገንሽ?» አሉኝ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ብዬ ቁስሌ ያዘኝ። ከዚያ ጋቢዬን ጠቅልለው ሆዴ ላይ አስያዙኝ፤ ስትስዪም ስትስቂም እንዲህ ተጫኚው። ስትነሺ ቀጥ ብለሽ አይደለም፣ መጀመሪያ በጎንሽ ተንከባለዪ፣ ከዚያ በክንድሽ ተደግፈሽ። ይህን እኔ ለሰው የማስተምረው ነገር ነው! በራሴ ሲደርስ ጠፋብኝ። ሐኪሙንም አነጋግረው የማስታገሻዬን ሰዓት አስተካከሉት። ያን ሌሊት ተኛሁ።

የሚያሳፍረኝም አልቀረም። አንጀት ሥራ መጀመሩን ለማወቅ አየር ወጥቶልሽ እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ሙሽሮቹ ከነሚዜዎቻቸው ሊጠይቁኝ በመጡበት ሰዓት፣ ከበሩ ላይ፣ ጮክ ብሎ? ሚዜዎቹ ጣሪያ ጣሪያ አዩ። መጋረጃ የለም፣ ቁስል ሲጠረግም ጠያቂ ይቆማል። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፣ «አንዴ ውጡ» ማለት ይበቃል። አንድ ጊዜ ደግሞ አንዲት ነርስ በዚያው ጓንት ከአንዱ አልጋ ወደ እኔ ስትመጣ አየሁና ተናገርኩ። ሳትከራከር ቀየረች። ግን ጓንቱን ታማሚ እየገዛ በሚያመጣበት ቦታ ልጅቷን ብቻ መውቀስ ይከብዳል።

የግፊት መለኪያው ከክፍል ክፍል ሲዞር አይቼ ለሲስተሯ አጉረመረምኩ። «በ2014 በጦርነቱ ሆስፒታሉ ሲዘረፍ አልነበርሽም» አሉኝ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም። አባቴ የሚያወራው ትዝ አለኝ። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን ሆስፒታል ሳይቀር መተዋል። ዝም አልኩ።

ለሲስተሯ ገንዘብ ልሰጣቸው ሞክሬ እምቢ አሉ። «እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ስንት ሰው ትይዣለሽ?» «በአንድ ፈረቃ ስምንት።» እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ስምንት! ታዲያ የተረፈውን ሰዓት ምን ትሠሪበታለሽ?»

ከውጭ ለምትመጡ የምለው፦ ስትወጡ ለአውሮፕላን የሚሆን የሐኪም ደብዳቤ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ እኔን «ነገ ነይ» እያሉ ሁለት ቀን አመላለሱኝ። ስፌቱን ያስወጣሁት ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ነው። አንዲት ልጅ ፈጥና ጨረሰች፣ መቅላት፣ መግል ወይም ትኩሳት ካየሽ ተመለሺ ብላ አስረዳችኝ። እዚያ ቅሬታ የለኝም።

የወጣሁ ዕለት ጠዋት ሻንጣዬ ተዘጋጅቶ አልጋዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ወጣቱ ነርስ ዞሮ እማማ ጋ ደረሰ። «እንዴት አደሩ እናቴ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሳ። «አትመናቸው» አልኩት። አየኝ፣ እሳቸውን አየ፣ ወረቀቱን አስቀመጠና ከፔርሙዙ ውሃ ቀዳ። «እስኪ ይቺን ይዋጡልኝ» አላቸው። ሲውጡ ፊታቸው ተጨማደደ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለና አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።