ዲፒኬጂ-ሪፓክ፦ የሚሠራ ከርነልን ለክፉ ቀን ጠቅልሎ ማስቀመጫ

አዲስ ከርነል (ሃርድዌሩን ከፕሮግራሞች የሚያገናኘው የሊኑክስ እምብርት) ሁልጊዜ የተሻለ ከርነል አይደለም። ትናንት ያለ ችግር ይሠራ የነበረ ዋይፋይ ከአፕዴት በኋላ ይጠፋል፤ ላፕቶፑ ተዘግቶ ሲከፈት ስክሪኑ ጨልሞ ይቀራል፤ የግራፊክስ ድራይቨሩ አልጫንም ይላል። መፍትሔው ወደ ቀድሞው ከርነል መመለስ እንደሆነ ብዙ ሰው ያውቃል። ቀድሞው ግን በተፈለገ ሰዓት አይገኝም። ከዲስኩ «አውቶሪሙቭ» (የማያስፈልጉ ፓኬጆችን የሚያስወግደው ትዕዛዝ) ጠርጎት ይሆናል፣ ከሪፖዚተሪውም (ፓኬጆች ከሚወርዱበት የኢንተርኔት ማከማቻ) በአዲስ ተተክቶ ይሆናል፤ የተበላሸው ራሱ ዋይፋዩ ከሆነ ደግሞ ቢኖርም ማውረጃ የለም።

ዲፒኬጂ-ሪፓክ የሚነሳው ለዚህ ነው። በዴቢያን፣ በኡቡንቱ፣ በሚንትና በመሰሎቻቸው ላይ የተጫነን ፓኬጅ ከዲስኩ ለቅሞ መልሶ የዴብ ፋይል (የመጫኛ ፋይል) ያደርገዋል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው መሣሪያውን ራሱን ለመጫን ብቻ ነው። የሚለውን በትክክል ይሠራል። ነገር ግን ዲስኩ ላይ ያለውን እንዳለ ስለሚያነሳ፣ ስህተት ካለ ስህተቱንም ጠቅልሎ ያስቀምጣል። ስለዚህ የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን አይገባም፤ የመጀመሪያው ሲያቅት የሚያዝ ሁለተኛ ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ ዋናውን ፋይል ማውረድ ነው። የከርነሉ ቁጥር ገና ሪፖዚተሪው ላይ ካለ «አፕት-ጌት ዳውንሎድ» ብሎ የፓኬጁን ስም ማስከተል ይበቃል፤ ሱዶ (የአስተዳዳሪ ፈቃድ) አይጠይቅም፣ ፋይሉንም እዚያው ያሉበት ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። እንዲህ የተገኘ ዴብ ከሪፖዚተሪው ዝርዝር ጋር የሚመሳከር ሃሽ (የፋይሉ ይዘት አሻራ የሆነ ቁጥር) አለው፤ በሪፓክ የተሠራው ይህ የለውም። «ቀድሞ ያወረድኩት ካሽ (የወረዱ ፋይሎች ማቆያ) ውስጥ አለ» ብሎ መዘናጋትም ያስከፍላል። ከእትም 1.2 ጀምሮ «አፕት» የሚለው ትዕዛዝ ጭኖ ሲጨርስ ያወረዳቸውን ዴቦች ያጠፋል፤ «አፕት-ጌት» ግን ያስቀራል። ሁለቱን እያፈራረቀ የሚጠቀም ሰው ካሹ ውስጥ ግማሹን አግኝቶ ግማሹን የሚያጣው በዚህ ነው።

ሪፓክ አሠራሩ ቀላል ነው። ዲፒኬጂ (የሲስተሙ ፓኬጅ ጫኝ) ለእያንዳንዱ የተጫነ ፓኬጅ የያዘውን የፋይሎች ዝርዝርና ስክሪፕቶች ያነባል፣ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ይሰበስባል፣ ከዚያ በዲፒኬጂ-ዴብ ያሽጋል። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ነገር አይገባም። ኢኒትአርዲ ፋይሉ (ማሽኑ ሲነሳ በቅድሚያ የሚጫነው ጊዜያዊ ሲስተም፣ ኢኒትራምፍስም ይባላል)፣ ዴፕሞድ የተባለው ትዕዛዝ የሚያመነጨው የሞጁሎች (ለየብቻ የሚጫኑ የከርነል ክፍሎች) ጥገኝነት ሠንጠረዥ፣ በዲኬኤምኤስ (ድራይቨርን ለየከርነሉ እዚያው ማሽኑ ላይ በሚገነባው መሣሪያ) የተሠሩ ድራይቨሮች ሁሉ ውጭ ይቀራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቢቀሩ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም መቅረት አለባቸው፤ ከርነሉ ሲጫን የራሱ ስክሪፕት ለዚያ ማሽን እንደገና ይሠራቸዋል። የሦስተኛው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው የትኞቹን ፓኬጆች መጠቅለል እንዳለበት ላይ ነው። ከርነል በኡቡንቱ አንድ ፓኬጅ አይደለም። ሊኑክስ-ኢሜጅ የተባለው ቡት የሚደረገውን ፋይል ብቻ ይይዛል። ሊኑክስ-ሞጁልስ መሠረታዊ ድራይቨሮችንና የከርነሉን ኮንፊግ ፋይል ይይዛል። ሊኑክስ-ሞጁልስ-ኤክስትራ ቀሪዎቹን ድራይቨሮች ይይዛል፤ ብዙ የዋይፋይና የድምፅ ካርዶች የሚገኙት እዚህ ነው። ከኢሜጁ ጋር ሁለተኛውን ይዞ ሦስተኛውን የረሳ ሰው ማሽኑ በሰላም ይነሳለታል፤ ድምፅና ዋይፋይ ግን የለም። ከዚያ ከርነሉን ይራገማል፤ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን አያውቅም። ሄደሮቹም (ድራይቨር ለመገንባት የሚያስፈልጉት የከርነሉ ኮድ ፋይሎች) ሁለት ናቸው፦ አንዱ ስሙ በቁጥሩ የሚያበቃ የጋራ፣ ሌላው «ጀነሪክ» የሚል የተጨመረበት። አንዱ ያለ ሌላው አይረባም። በድምሩ አምስት ፋይል ማለት ነው፤ እንደ ከርነሉ ቁጥር ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት አካባቢ ይመጣል።

በዴቢያን ኢሜጁና ሞጁሎቹ አንድ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ቀላል ነው። የሄደሩ ጎን ግን ይበዛል፦ የራሱ ሄደር፣ «ኮመን» የሚለው፣ ኬቢልድ፣ እንደ እትሙም የኮምፓይለሩ ትንሽ ፓኬጅ።

ትክክለኛውን ቁጥር ለማወቅ በሚሠራው ከርነል ላይ ሆነው «ዩኔም -አር» ይበሉ፤ የሚወጣው ጽሑፍ ከነሰረዙ የፓኬጁ ስም ጅራት ነው። ቁጥር የሌላቸው ስሞች ወጥመድ ናቸው። «ሊኑክስ-ኢሜጅ-ጀነሪክ» የሚለው ሜታ ፓኬጅ ነው፤ በውስጡ ከርነል የለም፣ ወደ ወቅቱ አዲስ ከርነል የሚጠቁም ጥገኝነት ብቻ ነው ያለው። ሪፓክ ያለ ምንም ቅሬታ ይጠቀልለዋል፤ የሚወጣው ፋይል ግን ጥቂት ኪሎባይት ነው። መጠኑን ሳያይ ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ የከተተ ሰው ባዶ ካርቶን ነው ያስቀመጠው።

ከመጠቅለል በፊት «ዲፒኬጂ --ቬሪፋይ» ብለው አምስቱንም ፓኬጆች ያስፈትሹ። ምንም ካልተጻፈ ደህና ነው። በአንድ ፋይል መስመር ላይ 5 የሚል ቁጥር ከታየ የፋይሉ ኤምዲ5 ከተመዘገበው ጋር አልገጠመም፤ «ሚሲንግ» ካለ ጠፍቷል። ሪፓክ ይህን ምርመራ ለእርስዎ አይሠራም፤ የተበላሸ ሞጁል ካገኘ የተበላሸውን ይጠቀልላል። በማኑዋሉም ላይ በሲስተሙ ላይ የተለወጠ ፋይል ካለ አዲሱ ፓኬጅ ለውጡን እንደሚወርስ ተጽፏል።

ማኑዋሉ በሩት (በአስተዳዳሪው) ወይም በፌክሩት (ሩት በሚያስመስል መሣሪያ) እንዲሠራ ይላል። ለከርነል ግን ፌክሩት ኡቡንቱ ላይ አያዋጣም። ቡት ውስጥ ያለው የከርነል ፋይል ፈቃዱ 600 ነው፤ ከሩት በቀር ማንም አያነበውም፤ ፌክሩት ደግሞ ባለቤትነትን ያስመስላል እንጂ የማንበብ ፈቃድ አይሰጥም። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ብሎ ይቆማል። በቀጥታ በሱዶ ይሥሩ።

የት ፎልደር ላይ ቆመው እንደሚሠሩም ለውጥ ያመጣል። ሪፓክ ጊዜያዊ ፎልደሩን የሚከፍተው እዚያው በቆሙበት ነው። ብዙ ፍላሾች ፋት32 ናቸው፤ ፋት የሊኑክስ ፈቃድና ባለቤትነት አይዝም። እዚያ ላይ ከሠሩ ዲፒኬጂ-ዴብ የኮንትሮል ፎልደሩ ፈቃድ ልክ አይደለም ብሎ ይመልስዎታል። ሥራውን በዋናው ዲስክ ላይ፣ ቢያንስ 1 ጊጋባይት ነፃ ቦታ ባለበት ይጨርሱና ያለቀውን ዴብ ብቻ ወደ ፍላሹ ይቅዱ። ዴቡ አንድ ፋይል ስለሆነ ፈቃዶቹ በውስጡ ታሽገዋል፤ ፋት ላይ ቢቀመጥም አይጎዳም።

ኡቡንቱ ከ21.10 ጀምሮ ዴብ የሚያሽገው በዜድስታንዳርድ መጭመቂያ ነው። ዴቢያን 11 ላይ ያለው ዲፒኬጂ ይህን አይከፍትም፤ ዴቢያን 12 ይከፍታል። ፋይሉ ወደ አሮጌ ሲስተም የሚሄድ ከሆነ «--ዴብ-ኦፕሽን» በሚለው በኩል «-ዜድኤክስዜድ» የሚለውን ለዲፒኬጂ-ዴብ ያስተላልፉ፤ በኤክስዜድ ይታሸጋል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ የትም ይከፈታል።

ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ከርነል እንዳይነሳ የሚከለክለው ጥበቃ) ያለበት ማሽን ስላላቸው ለሚጨነቁ፦ የከርነሉ ፊርማ በራሱ በከርነሉ ፋይል ውስጥ፣ የሞጁሎቹም በየሞጁሉ ጭራ ላይ ነው ያለው። ሪፓክ ፋይሎቹን ስለማይነካ ፊርማው አይፈርስም።

አሁን ወደ ዲኬኤምኤስ። የኤንቪዲያ ድራይቨር፣ የአንዳንድ ብሮድኮም ዋይፋይ፣ ቨርችዋልቦክስ በዚህ መንገድ ተገንብተው በከርነሉ የሞጁል ፎልደር ሥር ይቀመጣሉ፤ የየትኛውም የከርነል ፓኬጅ ንብረት ግን አይደሉም። ከርነሉን አድነው ያለ ዋይፋይ የሚቀሩት ሌላው መንገድ ይህ ነው። ለእነዚህ መቀመጥ ያለበት የድራይቨሩ የዲኬኤምኤስ ፓኬጅ፣ ዲኬኤምኤስ ራሱ፣ ሁለቱም ሄደሮች፣ ጂሲሲ እና ሜክ (የመገንቢያ መሣሪያዎቹ) ከነጥገኞቻቸው ነው። ጂሲሲው ከርነሉ የተሠራበት ቁጥር ቢሆን ይመረጣል፤ ሲለያይ ግንባታው መሐል ላይ የሚሰበርበት ጊዜ አለ። ጂሲሲን በሪፓክ አንድ በአንድ መልቀም ጥገኞቹ ብዙ ስለሆኑ አድካሚ ነው፤ ኢንተርኔት ባለበት ጊዜ በአፕት-ጌት ማውረዱ ይቀላል።

ፈርምዌርም (ካርዶቹ ላይ የሚጫነው ሶፍትዌር) ከከርነሉ የተለየ ፓኬጅ ነው። ያንኑ ሲስተም ይዘው ከርነል ብቻ የሚመልሱ ከሆነ ስለእሱ አይጨነቁ። ሲስተሙን ከዜሮ የሚጭኑ ከሆነ ግን ሊኑክስ-ፈርምዌርን፣ በዴቢያን ደግሞ ለካርዱ የሚሆነውን የፈርምዌር ፓኬጅ አብረው ያስቀምጡ።

መሣሪያው ከሁሉ በላይ የሚመሰገንበት «--ሩት» የሚለው ኦፕሽን ነው። ማሽኑ አልነሳም ሲል በላይቭ ፍላሽ (ሳይጫን ሊኑክስ በሚያስነሳ ፍላሽ) ይነሱ፣ የታመመውን ዲስክ ማውንት ያድርጉ፣ ያንን ፎልደር በ«--ሩት» ይጥቀሱለት፤ ከተኛው ሲስተም ላይ ከርነሉን ጠቅልሎ ያወጣል። ቡት የራሱ ፓርቲሽን ካለው እሱንም በቦታው ማውንት ማድረግ አይርሱ፤ አለዚያ ዝርዝሩ ላይ ያለው የከርነል ፋይል አይገኝም። ለዚህ ሥራ ሌላ እንዲህ ቀላል መንገድ የለም።

መልሶ መጫኑ አጭር ነው። አምስቱን ዴቦች አንድ ፎልደር ውስጥ አድርገው «ሱዶ ዲፒኬጂ -አይ» ብለው በአንድ ትዕዛዝ ሁሉንም ይስጡት። አንድ በአንድ ከሰጡት ኢሜጁ ሞጁሎቹን እየጠየቀ «አንኮንፊገርድ» ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ከሆነም መደናገጥ አያስፈልግም፤ የቀረውን ጭነው «ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» ማለት ይጨርሰዋል። ሲጫን ተርሚናሉ ላይ ኢኒትራምፍስ ሲመነጭና ግራብ (ከርነሉን መርጦ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሲታደስ ማየት አለብዎት። ካላዩ ሪስታርት አያድርጉ።

እዚህ ላይ በብዛት የሚያሰናክለው የቡት ፓርቲሽን መሙላት ነው። ኢኒትአርዲ ብቻውን ብዙ ጊዜ ከ50 ሜጋባይት በላይ ነው፣ ከ100 የሚያልፍም አለ፤ ቡት በ500 ሜጋባይት ከተቆረጠና ሦስት ከርነል ካለበት አራተኛው ላይገባ ይችላል። ግማሽ ተጽፎ የተቆረጠ ኢኒትአርዲ ደግሞ ሪስታርት ሲደረግ የከርነል ፓኒክ ነው። ነፃ ቦታውን አስቀድመው በ«ዲኤፍ» ይዩ፤ ጠባብ ከሆነ የማይሠራውን ከርነል በአፕት ያስወግዱ፤ በእጅ ፋይል አይሰርዙ።

ግራብ በራሱ የሚያስነሳው ከፍተኛውን ቁጥር ነው። አሮጌውን ጭነው ሪስታርት ሲያደርጉ የተበላሸው አዲሱ ተመልሶ ቢነሳ መጫኑ ከሽፏል ማለት አይደለም፤ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብተው አሮጌውን ይምረጡ። መሥራቱን ካዩ በኋላ ሜታ ፓኬጆቹን በ«አፕት-ማርክ ሆልድ» ያስሩ፤ አለዚያ በሚቀጥለው አፕዴት ሌላ አዲስ ከርነል ይመጣል። የታሰረ ከርነል የደህንነት ጥገና አያገኝም፤ ለወራት ታስሮ የሚቆይ ነገር አይደለም፤ የተስተካከለ ከርነል ሲወጣ በ«አንሆልድ» ይፍቱት።

የቡት ፋይሎቹንና የሞጁል ፎልደሩን በታር አሽጎ ማስቀመጥስ? ይሠራል፤ ዲፒኬጂ ግን አያውቀውም። ዴፕሞድን፣ «አፕዴት-ኢኒትራምፍስ -ሲ -ኬ»ንና «አፕዴት-ግራብ»ን በእጅ ማዘዝ ይጠበቅብዎታል። የኮንፊግ ፋይሉንም አብረው ይያዙ፤ ኢኒትራምፍስ ሠሪው ከርነሉ የትኛውን መጭመቂያ እንደሚከፍት የሚያየው ከእሱ ነው። ጥቅሙ የዲኬኤምኤስ ሞጁሎች ተገንብተው እንዳሉ አብረው መሄዳቸው ነው፤ ለዚህ ስል ከዴቦቹ ጎን አንድ ታር ባስቀምጥ እመርጣለሁ። ሙሉ የዲስክ ኢሜጅ መውሰድ ከሁሉም አስተማማኝ ነው፤ ከርነል ብቻ ለሚፈልግ ግን ይበዛል።

ፍላሹን ከመንቀልዎ በፊት በ«ዲፒኬጂ-ዴብ --ኮንቴንትስ» የኢሜጁ ዴብ ውስጥ የከርነሉ ፋይል መኖሩን በዓይንዎ ይዩ፣ የሁሉንም ሻ256 በአንድ የጽሑፍ ፋይል ይጻፉና አብረው ያኑሩ። ያንኑ ሲስተም በቨርችዋል ማሽን ጭነው፣ የኔትወርክ ካርዱን አጥፍተው አምስቱን ዴቦች ብቻ ይስጡት። የጎደለ ጥገኛ ካለ የዚያን ጊዜ ስሙን ጠርቶ ይነግርዎታል፤ ኢንተርኔቱም ገና በእጅዎ ነው።