ሲልቨር ስፕሪንግ ወይስ አሌክሳንድሪያ? በዲሲ ዙሪያ ቤት ለሚገዙ የተዘጋጀ ንጽጽር

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ቤት ልግዛ ብሎ የተነሳ ሐበሻ ብዙውን ጊዜ በሁለት ስም መካከል ነው የሚዋልለው። አንዱ ሜሪላንድ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሌላው ከፖቶማክ ወንዝ ወዲያ ቨርጂኒያ ያለው አሌክሳንድሪያ። በሁለቱም እንጀራው፣ ቡናው፣ እድሩና ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው። የተለጠፈውን ዋጋ ብቻ አስተያይቶ መወሰን ግን ያሳስታል። ዋጋቸው እኩል የሆነ ሁለት ቤቶች በክሎዚንግ (ግዢው ተጠናቆ ቤቱ በሚዛወርበት) ቀንም በየዓመቱም የሚያስወጡት ገንዘብ ይለያያል፤ የትኛው እንደሚያዋጣም የሚወስነው ከቤቱ ይልቅ የገዢው ደመወዝ፣ የመኪናው ብዛትና የሥራው ቦታ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መጣኔዎች የ2025 ናቸው።

ከሁሉ በፊት አድራሻው

አሌክሳንድሪያ በየትኛውም ካውንቲ ሥር የሌለ፣ የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ ትምህርት ቤትና የራሱ ታክስ ያለው ከተማ ነው። በ2020 ቆጠራ 159,467 ሰው ነበረበት። ሲልቨር ስፕሪንግ በአንጻሩ ከንቲባም ምክር ቤትም የለውም። ወደ 81,000 ሰው ይኖርበታል፤ ሁሉን ነገር የሚያስተዳድረው የሞንጎመሪ ካውንቲ ነው።

ችግሩ ፖስታ ቤት ለእነዚህ ድንበሮች አለመጨነቁ ነው። በ22303፣ 22306፣ 22309፣ 22310 እና 22315 ዚፕ ኮዶች አድራሻው «አሌክሳንድሪያ» ተብሎ ይጻፋል፤ ቤቶቹ ግን ፌርፋክስ ካውንቲ ናቸው። ታክሱ ሌላ፣ ትምህርት ቤቱም ሌላ ነው። 22312 ደግሞ የተቀላቀለ ነው። ብዙ የሐበሻ ሱቆች ያሉበት የስካይላይንና የቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢም ከአሌክሳንድሪያ ምዕራብ ጫፍ ጋር ቢገጥምም ፌርፋክስ ውስጥ ነው። በሜሪላንድ በኩል የ20903 ከፊሉ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ይገባል፤ 20904 እና 20905 ስማቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሆንም ከሜትሮው ሩቅ ናቸው። ማጣራቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አሌክሳንድሪያ የተባለውን ቤት በከተማው የንብረት ግምት መፈለጊያ ላይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የተባለውን በሜሪላንድ የንብረት ግምት መሥሪያ ቤት መፈለጊያ «ሞንጎመሪ» የሚለውን መርጠው ይጻፉ። ካልወጣ ቤቱ የሌላ አስተዳደር ነው።

የክሎዚንግ ቀን

እዚህ ላይ ቨርጂኒያ በግልጽ ትረክሳለች። 500,000 ዶላር ቤት እንውሰድ። በሞንጎመሪ የስቴት ማስተላለፊያ ታክስ 0.5 በመቶ (2,500)፣ የካውንቲው 1 በመቶ (5,000) ነው። የመመዝገቢያ ታክሱ ደግሞ ገዢው ራሱ ለሚኖርበት ቤት የመጀመሪያው 100,000 ተቀንሶለት በቀሪው ላይ 0.89 በመቶ (3,560) ይሆናል። ድምሩ 11,060 ዶላር ነው፤ እንደ ልማዱ ገዢና ሻጭ እኩል ይካፈሉታል።

በሜሪላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ሰው ግን ሁለት ነገር ይጠይቅ። የስቴቱ ማስተላለፊያ ታክስ ለእሱ በግማሽ ይቀንሳል፣ እሱንም የሚከፍለው ሻጩ ነው። ከዚያም በላይ ውሉ ሌላ ካላለ በስተቀር ሕጉ የተቀሩትንም ሻጩ ይከፍላል ብሎ ነው የሚነሳው። «ውሉ ሌላ ካላለ» የምትለዋን ልብ ይበሉ፤ ኤጀንቱ የሚያቀርበው ቅጽ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ይላል። ገበያው ቀዝቀዝ ካለ መደራደሪያው ይኸው ነው።

አሌክሳንድሪያ ላይ ገዢው በቤቱ ዋጋ ላይ የስቴቱና የከተማው ተደምሮ 0.333 በመቶ፣ በብድሩም ላይ ያንኑ ያህል ይከፍላል። 450,000 የተበደረ ሰው ጠቅላላው 3,170 ዶላር ገደማ ይወጣበታል።

በየዓመቱ የሚወጣው

የቤት ታክሱ አሌክሳንድሪያ በ100 ዶላር ግምት 1.135 ነው፤ በ500,000 ቤት 5,675 ዶላር ማለት ነው። የሞንጎመሪው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሚለያዩት በአገማመቱ ነው። አሌክሳንድሪያ ቤቱን በየዓመቱ ይገምታል። ሜሪላንድ በሦስት ዓመት አንዴ ገምታ ጭማሪውን ለሦስቱ ዓመት ታካፍለዋለች። በተጨማሪም ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት «ሆምስቴድ» የሚባል ቅናሽ አለ፤ ሞንጎመሪ ውስጥ ታክስ የሚቆጠርበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያድግ ይይዘዋል። ቅጹ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሞላው፣ ግን ካልተሞላ በራሱ አይመጣም። ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ታክስ የድሮው ባለቤት ቅናሽ ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ያ ቅናሽ ከቤቱ ጋር ወደ ገዢው አይተላለፍም። የሞርጌጅ (የቤት ብድር) ክፍያውን በዚያ ቁጥር ያሰላ ሰው ከዓመት በኋላ ኤስክሮው (አበዳሪው ለታክስና ለኢንሹራንስ የሚያጠራቅመው ገንዘብ) ሲጎድልበት ይደነግጣል።

የገቢ ታክሱ የሚከፈለው በሚኖሩበት ስቴት እንጂ በሚሠሩበት አይደለም፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ በዚህ ተስማምተዋል። ቨርጂኒያ ውስጥ የስቴቱ ብቻ ነው። ሞንጎመሪ ግን ከስቴቱ በላይ 3.2 በመቶ ለካውንቲው ይጨምራል። ተቀናሹ ሁሉ ወጥቶ ታክስ የሚቆጠርበት ገቢያቸው 90,000 ዶላር የሆነ ባልና ሚስት ሲልቨር ስፕሪንግ ቢኖሩ 7,100፣ አሌክሳንድሪያ ቢኖሩ 4,920 ገደማ ይከፍላሉ። ልዩነቱ ወደ 2,180 ነው።

ግን ቨርጂኒያ የመኪና ታክስ አላት። አሌክሳንድሪያ በ100 ዶላር ግምት 5.33 በየዓመቱ ታስከፍላለች፤ እያንዳንዳቸው 20,000 የሚገመቱ ሁለት መኪኖች 2,132 ዶላር ይሆኑባቸዋል። ስለዚህ ለዚህ ቤተሰብ ሂሳቡ እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። ከመጀመሪያው 20,000 ግምት ላይ ለግል መኪና የተወሰነ ቅናሽ ስላለ ሚዛኑ ትንሽ ወደ አሌክሳንድሪያ ያጋድላል። ደመወዙ ከፍ ያለ፣ መኪናው አሮጌ ከሆነ በግልጽ አሌክሳንድሪያ ያዋጣል፤ ገቢው መካከለኛ ሆኖ ግቢው አዳዲስ መኪና ከሞላው ሲልቨር ስፕሪንግ።

ኡበርና ሊፍት የሚነዱ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። መኪናው ከሚሄደው ማይል ከግማሽ በላዩ ለሥራ ከሆነ ያ የቨርጂኒያ ቅናሽ አይሰጠውም። በሌላ በኩል መኪና ሲገዛ የሚከፈለው ታክስ ሜሪላንድ ውስጥ ከሐምሌ 2025 መግቢያ ጀምሮ 6.5 በመቶ፣ ቨርጂኒያ 4.15 በመቶ ነው፤ 30,000 ዶላር መኪና ላይ 1,950 እና 1,245። ቨርጂኒያ መኪናውን በየዓመቱ ታስመረምራለች፤ ሜሪላንድ የደኅንነት ምርመራውን የምትጠይቀው ያገለገለ መኪና ስሙ ሲዛወር ነው።

ለጤፉ ደግሞ፣ ሜሪላንድ በአስቤዛ ላይ ታክስ የላትም፣ ቨርጂኒያ 1 በመቶ ትወስዳለች። ቢራና ወይን ከሱፐርማርኬት መግዛት የለመደ ሰው ሜሪላንድ ላይ ይቸገራል።

ቤቶቹ ራሳቸው

በሲልቨር ስፕሪንግ 20901 እና 20910 ዚፕ ኮዶች የሚገኘው ባብዛኛው ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ የተሠራ የጡብ ቤት ነው። ግድግዳው ጠንካራ ነው፤ የሚያስቸግረው ከመሬት በታች ያለው ነው። ወደ መንገዱ የሚሄደው የፍሳሽ ቱቦ የሸክላ ከሆነ የዛፍ ሥር በመጋጠሚያው ይገባና ይደፍነዋል፤ ተራ ኢንስፔክሽን (የቤት ፍተሻ) ይህን አያይም። ካሜራ የሚያስገባ ባለሙያ ለብቻው ይቅጠሩ። ግቢው ውስጥ የተቀበረ የድሮ የማሞቂያ ዘይት ታንክ አለመኖሩን ያስጠይቁ። ካውንቲው ሻጩ የራዶን (ከመሬት ወደ ቤት የሚገባ ጎጂ ጋዝ) ምርመራ ውጤት እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ 4 ፒኮኪዩሪ በሊትር ከደረሰ ወይም ካለፈ በቱቦና በማራገቢያ ጋዙን ወደ ጣሪያ የሚያወጣ መሣሪያ ሻጩ እንዲያስገባ ይደራደሩ።

ቤዝመንቱን አከራይቼ ሞርጌጁን እደጉማለሁ የሚሉ ሦስት ነገር ይዩ። መኝታ ክፍል የተባለው ሰው የሚያወጣ መስኮት ሊኖረው ይገባል፣ የመስኮቱ ደፍም ከወለሉ ከ44 ኢንች መብለጥ የለበትም። ሙሉ ኪችን ያለው ቤዝመንት ለብቻው ሊከራይ የሚችለው ካውንቲው ፈቃድ ሲሰጥ ነው። እንደ ቦታው የመኪና ማቆሚያም ሊጠየቅ ይችላል። «አሁንም ተከራይ አለበት» የሚለው የሻጭ ቃል ፈቃድ አይሆንም።

አሌክሳንድሪያ ላይ ኦልድ ታውንና ዴል ሬይ ዋጋቸው ለብዙው አይቀመስም። የእኛ ሰው የሚበዛው ምዕራብ ጫፍ፣ በ22304 እና 22311፣ በ1960ዎቹና 70ዎቹ በተሠሩ ረጃጅም ኮንዶዎችና በዝቅተኞቹ ባለ ግቢ ኮንዶዎች ነው። ዋጋቸው ርካሽ ይመስላል፣ ወርኃዊው የኮንዶ ክፍያ ግን ከባድ ነው። ውኃ፣ ማሞቂያ፣ አንዳንዴም መብራት ውስጡ ስለሚገባ ምን ምን እንደያዘ ሳይጠይቁ ከሌላው ጋር አያወዳድሩ። የኮንዶ ባለቤቶቹን ማኅበር ሰነድ ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚታየው የመጠባበቂያ ገንዘቡ ጥናት ነው፤ ሁለቱም ስቴቶች ይህ ጥናት ቢያንስ በአምስት ዓመት አንዴ እንዲሠራ ይጠይቃሉ። ሊፍቱ፣ ጣሪያው ወይም ጋራዡ በቅርቡ ይታደሳል ተብሎ ገንዘቡ ከሌለ እዳው በየቤቱ ይከፋፈላል፣ በሺዎች ሊቆጠርም ይችላል። ሰነዱን አንብቦ ውሉን ለመሰረዝ ቨርጂኒያ የምትሰጠው ሦስት ቀን ነው (በውሉ ሊረዝም ይችላል)፣ ሜሪላንድ ለኮንዶ ሰባት ቀን። ቨርጂኒያ ሻጩ የቤቱን ጉድለት እንዲዘረዝር እምብዛም አታስገድደውም፤ ስለዚህ ኢንስፔክሽኑን ትቶ ለመጫረት የሚገፋፋ ኤጀንት እዚያ ይበልጥ አደገኛ ነው።

ማንም ኤጀንት የማያነሳው ነገር አለ። ኮንዶ ሲጎበኙ የኪችኑን ሁድ (ከምድጃው በላይ ያለውን የጢስ መሳቢያ) አብርተው አየሩ ወዴት እንደሚወጣ ይዩ። በብዙዎቹ የድሮ ፎቆች ሁዱ አየሩን አጣርቶ ወደዚያው ክፍል ነው የሚመልሰው። ቡና በተቆላ ቁጥር የጢስ ደወሉ ይጮኻል፣ የቁሌቱ ሽታ ኮሪደር ላይ ይቀራል፣ ጎረቤት ያማርራል። የእንግዳ መኪና ማቆሚያውንም ይቁጠሩ። ለቅሶ ሲመጣ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ይገባል ይወጣል፤ ለአንድ ቤት ሁለት የእንግዳ ፈቃድ ብቻ በሚሰጥ ግቢ ውስጥ የአስተዛዛኝ መኪና ይጎተታል።

መጓጓዣው

መኪና ለሌለው ሰው ምርጫው ቀላል ነው፤ መሐል ሲልቨር ስፕሪንግ። የሜትሮ ባቡር ቀዩ መስመር ሩብ ሰዓት በሚጠጋ ጊዜ ዲሲ መሐል ያደርሳል። እየተሠራ ያለው 16 ማይሉ ፐርፕል ላይን የተባለ ቀላል ባቡር ቤተስዳን ከኒው ካሮልተን ሲያገናኝ እዚያው ያልፋል፤ ሥራ ይጀምራል የተባለው በ2027 መጨረሻና በ2028 መግቢያ ባለው ክረምት ነው፣ ቀኑ ግን ከዚህ በፊትም ደጋግሞ ተገፍቷል። በሎንግ ብራንችና ፓይኒ ብራንች ሰፈሮች «ባቡሩ ሲመጣ» ተብሎ የሚጨመረውን ዋጋ በዚያ ልክ ይመዝኑት።

አሌክሳንድሪያ ሰማያዊና ቢጫ መስመር አለው፤ ፖቶማክ ያርድ ጣቢያም በግንቦት 2023 ተከፍቷል። አብዛኛው ምዕራብ ጫፍ ግን በእግር የሚደረስ ጣቢያ ስለሌለው አውቶቡስ የግድ ነው። የአሌክሳንድሪያው ዳሽ አውቶቡስ ከ2021 ጀምሮ፣ የሞንጎመሪው ራይድ ኦን ከ2025 ጀምሮ በነጻ ናቸው።

ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ለሚሠራ አሌክሳንድሪያ፣ ቤተስዳ ለሚሠራ ሲልቨር ስፕሪንግ። በአንዱ ስቴት እየኖሩ በየጠዋቱ ድልድይ ተሻግሮ ሌላው ስቴት መሥራት፣ በአሜሪካን ሊጅንም ይሁን በዊልሰን ድልድይ፣ ከላይ የተቆጠበውን ታክስ ሁሉ በጊዜ ያስከፍላል።

ልጆችና መዝናኛ

አሌክሳንድሪያ ያለው የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ሲሆን በተለያዩ ግቢዎች ያስተምራል፤ የትኛውም ሰፈር ቢገዙ ልጁ እዚያው ነው። ሞንጎመሪ ላይ አድራሻው ይወስናል፣ ክልሎቹም እንደገና ሊከለሱ ስለሚችሉ ሻጩ ልጁን ያስተማረበት ትምህርት ቤት ለእርስዎ ዋስትና አይደለም። ሁለቱም አስተዳደሮች ለወላጅ በአማርኛ መረጃ ያወጣሉ።

በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ስላይጎ ክሪክ ለሩጫና ለብስክሌት ደስ ይላል፣ ከመንገዱ የተወሰነው ክፍል ቅዳሜና እሑድ ለመኪና ይዘጋል። ዊተን ሪጅናል ፓርክ ለልጆች ባቡር አለው፣ ብሩክሳይድ የአትክልት ሥፍራም በነጻ ነው። መሐል ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በ2024 የተከፈተ መዋኛ ያለው የስፖርት ማዕከል አለ። አሌክሳንድሪያ የወንዙ ዳር፣ 18 ማይሉ የማውንት ቨርኖን መንገድ፣ ለሽርሽር ፎርት ዋርድ፣ ለዋና ቺንካፒን አለው። በዚህ ረገድ አንዱን ከሌላው ማስበለጥ ይከብዳል።

ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ለሚያስቡ

አሌክሳንድሪያ በምግብ ቤት ሂሳብ ላይ ከ6 በመቶው የሽያጭ ታክስ በላይ የራሷን 5 በመቶ ትጨምራለች፤ የ100 ዶላር ምግብ 111 ይሆናል። ሲልቨር ስፕሪንግ 106 ነው፣ አልኮል ብቻ 9 በመቶ ይከፈልበታል። ደመወዝ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የቨርጂኒያ ዝቅተኛ ክፍያ በ2025 በሰዓት 12.41 ነበር፤ ሞንጎመሪ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ አሥርና ከዚያ በታች ሠራተኛ ላለው 15.50፣ እስከ 50 ላለው 16.00፣ ከዚያ በላይ 17.65 ነው፣ በየሐምሌውም ይከለሳል። አምስት ሠራተኛ በሳምንት 40 ሰዓት ቢያሠሩ ልዩነቱ በ2025 መጣኔ በሳምንት 618 ዶላር ነበር። መጠጥን በተመለከተ ሞንጎመሪ ውስጥ ቢራውም ወይኑም ጭምር ለምግብ ቤት የሚከፋፈለው በካውንቲው በኩል ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ቢራና ወይን ከግል አከፋፋይ፣ አረቄው ከስቴቱ መደብር ይገዛል። የጠጅና የቢራ ሽያጭ ላይ ተመርኩዘው እቅድ የሚያወጡ ሰዎች የኪራይ ውል ከመፈረማቸው በፊት የመጠጥ ፈቃዱ ስንት ወር እንደሚፈጅ ይጠይቁ፤ ፈቃድ እስኪመጣ ኪራይ የሚቆጠርበትን ወራት አከራዩ እንዲተው የሚያደርግ አንቀጽም ውሉ ላይ ያስገቡ።