የዛገ የአሻንጉሊት ባቡር ፉርጎ፦ ኮምጣጤ ወይስ ብርጭቆ ወረቀት?

ኮምጣጤ ርካሽ ነው፣ ድካም የለውም። ፉርጎውን ፈታትቶ ነክሮ ማሳደር ነው። ጠዋት ዝገቱ እንደ ጥቁር ጭቃ በጥርስ ብሩሽ ይለቃል፤ ጠባብ ጥግ ውስጥ ያለው ሳይቀር። ግን ቀለሙንም ሊልጠው ይችላል። ደግሞ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አለቅልቆ ቶሎ ካላደረቁት መልሶ ይዝጋል። እኔ ሻይ ልጠጣ ብዬ ተሸውጃለሁ፤ ስመለስ ብርቱካናማ ሆኖ ጠበቀኝ።

ብርጭቆ ወረቀት ክንድ ይጨርሳል። ጥቅሙ፣ የዛገውን ቦታ ብቻ መርጦ መፈግፈግ ይቻላል። የድሮ ቀለም መርዛማው እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ግን በደረቁ አይሞከርም፤ እያረጠቡ፣ ማስክ አድርገው።

ቀለሙ ያለቀለትና እንደ አዲስ የሚቀባ ከሆነ ኮምጣጤ። ዝገቱ ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ 600 ቁጥር ወረቀት። ቆርቆሮው ላይ የታተመ ሥዕል ካለው ሁለቱም ይቅሩ፤ ዘይት በነካ ጨርቅ ቀስ አድርጎ መወልወል ነው።