ሁለት የኢፌክት መሣሪያዎች በቤት ስቱዲዮ፦ አርኤንሲ 1773 እና ኤስፒኤክስ90

በቤት ስቱዲዮ ሙዚቃ የሚቀርጽና የሚያቀናብር ሰው ዛሬ ለኮምፕረሰርም (የድምፅን ከፍታና ዝቅታ ጨምቆ ለሚያቀራርበው) ሆነ ለሪቨርብ (የክፍል ወይም የአዳራሽ ማስተጋባትን ለሚፈጥረው) ከኮምፒውተሩ መውጣት አይጠበቅበትም፤ ከቀረጻ ሶፍትዌሮች ጋር አብረው የሚመጡት ፕለጊኖች (በኮምፒውተሩ ውስጥ ድምፅን የሚለውጡ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ብቻ እንኳ አንድን ሥራ ጀምሮ ለመጨረስ ይበቃሉ። ስለዚህ ራሱን የቻለ የኢፌክት መሣሪያ ለመግዛት በቂ ምክንያት የሚሆነው፣ በእኔ እምነት፣ ኢፌክትን በጆሮ መርጦ ወዲያው የመወሰንን አሠራር መፈለግ ነው። በዚህ ግምገማ የማነሣቸው የኤፍኤምአር ኦዲዮ አርኤንሲ 1773 ኮምፕረሰርና የያማሃ ኤስፒኤክስ90 ባለ ብዙ ኢፌክት መሣሪያ በስቱዲዮዬ ከፕለጊኖች ጎን ለጎን ያገለግላሉ። የመጀመሪያውን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ ሁለተኛውን የምመክረው ግን ጠባዩን ወዶ ለሚፈልገው ሰው ብቻ ነው።

አርኤንሲው ከመደበኛው የራክ (የመሣሪያ መደርደሪያ) ስፋት ሲሶውን ብቻ የሚይዝ ትንሽ ስቴሪዮ ኮምፕረሰር ነው። ድምፁ ከመግቢያ እስከ መውጫ አናሎግ እንደሆነ ያልፋል፤ ምን ያህልና በምን ፍጥነት ይጨመቅ የሚለውን የሚቆጣጠረው ግን በውስጡ ያለው ዲጂታል ፕሮሰሰር ነው። ፊት ለፊቱ ያሉት ማዞሪያዎች አምስት ሲሆኑ እነሱም ትሬሾልድ (መጭመቁ የሚጀምርበት የድምፅ መጠን)፣ ሬሾ (የመጭመቁ ኃይል)፣ አታክ (መጭመቁ ለመያዝ የሚወስደው ጊዜ)፣ ሪሊስ (ለመልቀቅ የሚወስደው ጊዜ) እና ጌን (የመውጫው ማጉያ) ናቸው። ሬሾው ከ1 ለ1 እስከ 25 ለ1፣ አታኩ ከ0.2 እስከ 200 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊሱ ደግሞ ከ0.05 እስከ 5 ሰከንድ ይደርሳል። ይህ ስፋት የከበሮን ምት ጫፍ ከመያዝ አንሥቶ የአንድን ሙሉ ቅንብር ከፍታና ዝቅታ ቀስ አድርጎ እስከማስተካከል ድረስ ያስኬዳል፤ ኮምፕረሰር ምን እንደሚሠራ በጆሮው ለመለየት ለሚማር ሰውም የእያንዳንዱ ማዞሪያ ውጤት ወዲያውኑ ስለሚሰማ ከዚህ የተሻለ መምህር አላውቅም።

የመሣሪያው ትልቁ ሀብት ሱፐር ናይስ የሚባለው ቁልፍ ነው። ይህ ቁልፍ ሲጫን የመጭመቁ ሥራ ተደራርበው ለሚሠሩ በርካታ ደረጃዎች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ደረጃ የሚቀንሰው ጥቂት በመሆኑም የድምፁ መጠን በብዙ ዴሲቤል ቀንሶ እንኳ ዘፋኙ የታፈነ አይመስልም። ለድምፃዊ ሬሾውን 3 ለ1 ገደማ፣ አታኩን ወደ 10 ሚሊሰከንድ አድርጌ ይህን ቁልፍ ስጫን፣ በሹክሹክታ የተዘፈነው ስንኝና በሙሉ ጉልበት የወጣው አዝማች ማንም እጅ የነካው ሳይመስል ይቀራረባሉ። ለቤዝ ጊታር ግን ቁልፉን አጠፋለሁ፤ በተራው አሠራር መጭመቁ ጎላ ብሎ ስለሚሰማ እያንዳንዱ ኖታ ጠርዝ ያገኛል። የሳይድቼይን መግቢያም (መጭመቁን የሚመራው ድምፅ ለብቻው የሚገባበት) ስላለው፣ ኮምፕረሰሩ በቤዙ ጉልበት ብቻ እንዳይነዳ ከፈለግን ኢኳላይዘር (የታችኛውንና የላይኛውን ድምፅ ለየብቻ የሚጨምርና የሚቀንስ መሣሪያ) ጨምረን የታችኛውን ድምፅ ከመቆጣጠሪያው መስመር መቀነስ እንችላለን።

ሁለት ወሰኖቹን ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለቱ ቻነሎች በአንድ መቆጣጠሪያ የተሣሠሩ በመሆናቸው በአንዱ ድምፃዊን፣ በሌላው ጊታርን ለየብቻ ማስኬድ አይቻልም። ከዚህ በተጨማሪ መሣሪያው ንጹሕ ነው፤ 1176 የተባለውን ኮምፕረሰር ኃይለኛ ጠባይ ወይም በቫኩም ቲዩብ የሚሠራውን የኤልኤ-2ኤ ኮምፕረሰር ቀለም ፈልጎ የሚገዛው ሰው የሚፈልገውን አያገኝም። እኔ ንጽሕናውን እንደ ጉድለት አላየውም፤ በቀረጻ ጊዜ ከማይክሮፎን ማጉያው ቀጥሎ ላስገባው የምደፍረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ኤስፒኤክስ90 የሌላ ዘመን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በወጣው በኢኤምቲ 140 ሪቨርብን የሚፈጥረው በፍሬም ላይ የተወጠረ ትልቅ የብረት ሉህ ስለነበር፣ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለብቻው ክፍል የሌለው ስቱዲዮ ሊያስገባው አይችልም ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ የመጣው ኤስፒኤክስ90 ግን የዚያን የብረት ሉህ ድምፅ የሚመስል ፕሮግራም ጭምር ይዞ፣ ከአዳራሽ ሪቨርብ እስከ ዲሌይ (ድምፅን አዘግይቶ የሚደግም)፣ ኮረስና ፍላንጀር (ድምፅን የሚያወዛውዙ)፣ ፒች መቀየሪያ (የድምፅን ቅጥነትና ውፍረት የሚለውጥ) እና ጌት ሪቨርብ (በድንገት የሚቆረጥ ሪቨርብ) ድረስ ያሉ 30 ፕሮግራሞችን በአንድ ራክ ቁመት ሣጥን ውስጥ ሰበሰበ። ተጠቃሚው የራሱን የሚያስቀምጥባቸው 60 ቦታዎችም አሉት።

በ16 ቢት የሚሠራ ቢሆንም የናሙና ፍጥነቱ (በሰከንድ ድምፁን የሚለካበት ብዛት) 31.25 ኪሎኸርዝ ብቻ ስለሆነ ኢፌክቱ ከ12 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አያስተላልፍም። በወረቀት ላይ ሲነበብ ይህ ግልጽ ድክመት ነው፤ በቅንብር ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የላይኛው ብሩህነት ለዋናው ድምፅ ብቻ ይተውና ሪቨርቡ ከኋላ ይቆማል። ፕለጊን በምጠቀምበት ጊዜ ይህንኑ ለማግኘት በሪቨርቡ ላይ ማጣሪያ ማስገባት ይኖርብኛል። ሆኖም ሰፊና ለስላሳ የአዳራሽ ሪቨርብ የሚፈልግ ሰው ወደዚህ መሣሪያ መሄድ የለበትም፤ ማስተጋባቱ ረጅም ጅራት ሲሰጠው ሻካራነት ይሰማል፤ ዛሬ ማንኛውም ደህና ፕለጊን በዚህ ይበልጠዋል። ኤስፒኤክስ90ን ማቆየት የሚገባው ሲምፎኒክ ለተባለው ፕሮግራም፣ ለጌት ሪቨርቡና ለፒች መቀየሪያው ነው። በተለይ ሲምፎኒክ አንድን ንጹሕ ኤሌክትሪክ ጊታር ወይም የኋላ ድምፃውያንን በስቴሪዮው ስፋት ዘርግቶ ሲያወዛውዝ የሚፈጥረው ውበት ልብ የሚነካ ነው፤ ምትክ ይሆናሉ ተብለው ከሞከርኳቸው ፕለጊኖች አንዱም አላረካኝም። ልብ ሊባል የሚገባው መግቢያው አንድ ብቻ፣ መውጫው ግን ሁለት መሆኑ ነው፤ የሚላክለት ድምፅ ሞኖ ይሆናል።

የሁለቱም ዋጋ የሚታወቀው ከኮምፒውተሩ ጋር በትክክል ሲገናኙ ነው፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ትርፍ መግቢያና መውጫ ነው። ሁለት መግቢያና ሁለት መውጫ ብቻ ባለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባና የሚያወጣ መሣሪያ) ላይ ሁለቱ መውጫዎች በስፒከሮቹ ስለተያዙ ወደ ኢፌክት መሣሪያ የሚሄድ መስመር አይኖርም፤ ስለዚህ ቢያንስ አራት የመስመር መውጫና አራት መግቢያ ያለው ኢንተርፌስ ሳይዙ መሣሪያ መግዛት ቅደም ተከተልን ማዛባት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የመዘግየት ጉዳይ ነው። በ48 ኪሎኸርዝና በ128 ሳምፕል በፈር (ኮምፒውተሩ ድምፁን ለጊዜው የሚያጠራቅምበት ቋት) ሲሠራ በፈሩ ብቻ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ይጨምራል፤ ድምፁ ወጥቶ ሲመለስ ከ5 ሚሊሰከንድ ያልፋል ማለት ነው። የተጨመቀውን ድምፅ ካልተነካው ጋር ደርቦ ለማጫወት የፈለገ ሰው ይህን ካላረመ ሁለቱ ይጣላሉ፤ የ5 ሚሊሰከንድ ልዩነት ካለ 100፣ 300 እና 500 ኸርዝ ላይ፣ ከዚያም በላይ በተመሳሳይ ርቀት አንዱ ሌላውን እያጠፋ ድምፁ ክፍት ቧንቧ ውስጥ የገባ ይመስላል። ብዙዎቹ የቀረጻ ሶፍትዌሮች አጭር ምልክት ልከው የደርሶ መልስ ጊዜውን የሚለኩበትና ራሳቸው የሚያካክሱበት መንገድ አላቸው፤ በፈሩ በተቀየረ ቁጥር ልኬቱ ሊደገም ይገባል። ሪቨርብ ግን ዋናው ድምፅ ሳይቀላቀልበት መቶ በመቶ ኢፌክት ሆኖ ከተመለሰ ይህ ጭንቀት የለበትም፤ ጥቂት ሚሊሰከንድ መዘግየት ከፕሪዲሌይ (ሪቨርቡ ከመሰማቱ በፊት ካለው ክፍተት) ጋር ይደመራል እንጂ ጉዳት የለውም። ሊፈራ የሚገባው ተመላሹን የተቀበለው ትራክ እንደገና ወደዚያው መሣሪያ እንዲልክ ሆኖ መገናኘቱ ነው፤ ድምፁ በዙሪያው እየጎላ ይጮሃል፤ ስፒከርንም ጆሮንም ሊጎዳ ይችላል።

የድምፅ ደረጃም መጣጣም አለበት። የባለሙያ መሣሪያዎች የሚሠሩበት +4 ዲቢዩ 1.23 ቮልት ሲሆን የቤት መሣሪያዎች የለመዱት -10 ዲቢቪ 0.316 ቮልት ነው፤ ልዩነቱ 12 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል። ኤስፒኤክስ90 በጀርባው የደረጃ መምረጫ ስላለው ይህን ማስተካከል ቀላል ነው። በአርኤንሲው በኩል የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ግን ሌላ ነው። የመግቢያ ጃኮቹ ባለ ሦስት ንክኪ መሰኪያ ሲሰካባቸው በአንድ ገመድ ለሚሠራ የሚክሰር ኢንሰርት (ድምፅ ወጥቶ የሚመለስበት ቀዳዳ) እንዲያገለግሉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ጫፉ ድምፁን ይቀበላል፣ ቀለበቱ ደግሞ የተጨመቀውን ይመልሳል። ስለዚህ ከኢንተርፌሱ ባላንስድ (ጣልቃ የሚገባ ድምፅን ለመቀነስ ምልክቱን በሁለት ሽቦ የሚልክ) መውጫ በባለ ሦስት ንክኪ ገመድ መግባት ሁለት መውጫዎችን ማጋጨት ነው፤ ትክክለኛው ባለ ሁለት ንክኪ ተራ ገመድ ነው። ባላንስድ ባለመሆኑም ገመዶቹ አጭር ይሁኑ፤ ከኃይል ገመድም ይራቁ። የ50 ወይም የ60 ኸርዝ ጉምጉምታ ከተሰማ አብዛኛውን ጊዜ መንሥኤው ግራውንድ ሉፕ (መሣሪያዎች ከመሬት ጋር ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ሲገናኙ የሚፈጠር ዙር) ነው፤ ሁሉንም መሣሪያዎች ከአንድ የኃይል ማከፋፈያ ማስነሣት መጀመሪያ የሚሞከር መፍትሔ ነው፤ የመሬት ገመዱን መቁረጥ ግን ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ ፈጽሞ አይደረግም።

ግንኙነቱ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ኢፌክቱን ወደ ትራክ መቅዳት ነው፤ መሣሪያዎቹን ለመውደድ ያበቃኝም ይኸው ነው። አራት ደቂቃ የሚረዝም ዘፈን በመሣሪያው ውስጥ ለማለፍ አራት ደቂቃ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ሌላ ነገር መሥራት ስለማይቻል ሰው ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳምጣል። አርኤንሲው ማዞሪያዎቹ የቆሙበትን አያስታውስም፤ በነገው ቀን ለሌላ ሥራ ይዞራሉ። ስለዚህ የተቀዳው ትራክ ውሳኔ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከወር በኋላ የሪቨርቡን ርዝመት እንደገና የመነካካት ፈተናም ይቀራል። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ እስራት ሊቆጥረው ይችላል፤ በተለይ ለደንበኛ የሚሠራና በየጊዜው ማሻሻያ የሚጠየቅ ሰው ያልተነካውን ትራክ አብሮ ማስቀመጥና የማዞሪያዎቹን ፎቶግራፍ ማንሣት ይኖርበታል። ለራሱ ሙዚቃ የሚሠራ ሰው ግን ሥራዎቹ ሲያልቁለት ያያል።

ያገለገለ ኤስፒኤክስ90 የሚገዛ ሰው እያንዳንዱን ቁልፍ ተጭኖ፣ ማሳያው በግልጽ መነበቡን አይቶ፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የጀርባ ሹክሹክታውን በሄድፎን ያዳምጥ። የተጠቃሚውን ፕሮግራሞች የሚይዘው የውስጥ ባትሪ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ያለቀ ሊሆን ይችላል፤ 30ዎቹ የፋብሪካ ፕሮግራሞች ግን በባትሪው አይጠፉም፤ ባትሪውን ባለሙያ ሊቀይረው ይችላል። ትራንስፎርመሩ በውስጡ ስለሆነ ከሌላ አገር የመጣ መሣሪያ ላይ የተጻፈውን ቮልቴጅ ሳያነቡ መሰካት አይገባም። አርኤንሲው ደግሞ የሚነሣው 9 ቮልት ኤሲ በሚሰጥ የራሱ አዳፕተር ነው፤ መሰኪያው ቢመሳሰልም የጊታር ፔዳል አዳፕተር ዲሲ ስለሚሰጥ አይተካውም፤ ያለ አዳፕተሩ ለሽያጭ የቀረበ አርኤንሲ ከመግዛት በፊት ትክክለኛውን አዳፕተር ማግኘት ይቀድማል።