ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ፦ የማንን ቅጂ እንግዛ?

አራት ነን። በወር አንዴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ቡና ይፈላል። አንድን ሥራ ሁለት ሦስት ሰው ሲጫወተው እንሰማለን፣ ከዚያ እንጨቃጨቃለን። እስካሁን ከሁሉ በላይ ያጨቃጨቀን የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የባኽ ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ ነው። አንዱ ወዳጃችን በዚህ ሥራ የተነሳ ተኮራርፎ ቡናውን ሳይጨርስ ሄዷል፤ በሚቀጥለው ወር ግን ቀድሞ የመጣው እሱ ነበር።

ሰሞኑን ውጭ አገር ያለችው እህቴ ደወለችና «አንድ ሲዲ ልላክልህ፣ ግን አንድ ብቻ። የማንን ልግዛ?» አለችኝ። አንድ ብቻ ሲባል ነገሩ ይከብዳል። ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሥራው ትንሽ። የታተመው በ1741 ኑረምበርግ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አሪያ የምትባል ዝግ ያለች ዜማ ትጀምራለች፣ 30 ቫሪዬሽኖች፣ ማለትም በአንድ መነሻ ላይ እየተለዋወጡ የተሠሩ ክፍሎች፣ ይከተላሉ፣ በመጨረሻ አሪያዋ ራሷ ትመለሳለች። ሠላሳውን ያስተሳሰራቸው የአሪያዋ ዜማ ሳይሆን ከሥሯ ያለው ባስ፣ ማለትም ወፍራሙ የታች ድምፅ፣ ነው። ዜማዋን እየጠበቀ የሚሰማ ሰው ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ ይጠፋበታል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ጠፍቶብኝ ነበር። የግራ እጁን ተከተሉ።

ሥራው የተጻፈው እንቅልፍ ላጣ አንድ ባላባት ነው የሚለውን ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል። ታሪኩ የመጣው በ1802 ከታተመ የባኽ የሕይወት ታሪክ ነው። ለባላባቱ ይጫወትለት ነበር የተባለው ጎልድበርግ ያኔ ገና የ14 ዓመት ልጅ ስለነበር ብዙዎች ይጠራጠሩታል። ለማንኛውም፣ ለመተኛት ብላችሁ አትግዙት። አንዳንዱ ቫሪዬሽን የተኛውንም ይቀሰቅሳል።

ገዢ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። እያንዳንዱ ክፍል ለሁለት የተከፈለ ነው፣ ባኽም እያንዳንዱ ግማሽ ሁለት ጊዜ እንዲጫወት ምልክት አድርጓል። ድግግሞሹን ሁሉ የሚያከብር ተጫዋች ከ70 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። የሚዘል ደግሞ በግማሹ ይጨርሳል። ሁለት ሲዲ ይዛችሁ የአንዱ ርዝመት የሌላው እጥፍ ለምን ሆነ ብትሉ፣ ምክንያቱ በአብዛኛው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጠቡ።

ፒያኒስቱ ግሌን ጉልድ ሁለት ጊዜ በስቱዲዮ ቀድቶታል። የመጀመሪያው ጁን 1955 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ ስቱዲዮ የተቀዳ ነው። ካናዳዊው ልጅ ያኔ 22 ዓመቱ ነበር። ቅጂው በ1956 ወጣና ስሙን በአንድ ጊዜ አስጠራው። ድግግሞሹን ይዘልላል፣ ሁሉንም በ38 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። መጀመሪያው ቫሪዬሽን ላይ አሪያዋ ገና ከጆሯችሁ ሳትወጣ ልጁ በሩጫ ይነሳል። ጣቶቹ ይበራሉ፣ ግን እያንዳንዷ ኖታ ለብቻዋ ትሰማለች፣ አንዷም አትደፈጠጥም። ደስታው ይጋባል። እቃ እያጠብኩ ስሰማው እጄም ይፈጥናል፤ አንድ ብርጭቆ ሰብሬበታለሁ።

ሁለተኛውን በ1981 ቀዳው፣ እዚያው ስቱዲዮ፣ በያማሃ ፒያኖ። 51 ደቂቃ ገደማ ነው። የወጣው በ1982 ሲሆን፣ ጉልድ በዚያው ሰሞን፣ ኦክቶበር 4፣ በ50 ዓመቱ አረፈ። በ1955ቱ ሁለት ደቂቃ ያልሞላችው አሪያ እዚህ ከሦስት ደቂቃ ታልፋለች። ኖታው ተነክቶ እስኪጠፋ ይጠብቀዋል። ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዝም ይላል።

ብዙ ሰው «የ55ቱ ፈጣን፣ የ81ዱ ዘገምተኛ» ብሎ ያልፈዋል። ልክ አይደለም። 25ኛው፣ ሐዘንተኛው ቫሪዬሽን፣ በወጣትነቱ ስድስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ በ50 ዓመቱ አካባቢ የቀዳው ግን ትንሽ ያጥራል። ይህን ያገኘነው የሁለቱን ሲዲ ጀርባ ጎን ለጎን አስቀምጠን ደቂቃውን ስናነብ ነው። የ81ዱ ልዩነት ዝግታው አይደለም፣ አንዱ ቫሪዬሽን ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት መንገድ ነው። ምት ከምት ጋር ተያይዞ፣ ሥራው ከአንድ እንጨት የተፈለፈለ ይመስላል። የ55ቱ 30 የተለያዩ ቀልዶችና ቁጣዎች ናቸው።

የትኛውን? ከጉልድ አንድ ብቻ ከሆነ እኔ የ81ዱን እላለሁ፣ ያ ያኮረፈው ወዳጄ የ55ቱን ይላል። ሁለቱንም ማግኘት ከፈለጋችሁ ግን በ2002 «ኤ ስቴት ኦፍ ወንደር» በሚል ስም አብረው ወጥተዋል፣ ሦስት ሲዲ ነው፤ ሦስተኛው ቃለ መጠይቅ አለበት። ሁለት ለየብቻ ከመግዛት በፊት ያገለገለም ቢሆን እሱን ፈልጉ።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ስለ ማንጎራጎሩ እወቁ። ጉልድ ሲጫወት አብሮ ያንጎራጉራል። የሚቀመጠውም አባቱ እግሩን ቆርጦ ባሳጠረለት ወንበር ላይ ነው፣ ወንበሩም አንዳንዴ ሲጥ ይላል። በስልክ ስፒከር ላይሰማችሁ ይችላል። በጥሩ ኢርፎን ግን ሰውዬው አጠገባችሁ ነው። እናቴ አንድ ቀን ከጓዳ ወጥታ «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚያጉረመርመው? ታሟል እንዴ?» ብላኛለች። ይህ የሚረብሻችሁ ከሆነ ጉልድን ተዉት፣ አትለምዱትም።

የ55ቱ ሌላ ጣጣ ደግሞ ሞኖ መሆኑ ነው፣ ከግራም ከቀኝም የሚሰማው ያው አንድ ድምፅ ነው። ያ ችግር አይደለም፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ችግሩ በ60ዎቹ መጨረሻ ላይ በሰው ሠራሽ መንገድ ስቴሪዮ ተደርጎ የታተመ ሸክላ መኖሩ ነው። የ55ቱ ሆኖ ሽፋኑ ላይ ስቴሪዮ የሚል አሮጌ ሸክላ ካያችሁ እለፉት።

ፒያኒስቱ መሬይ ፔራያ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በ1990ዎቹ አውራ ጣቱ ታሞ ለዓመታት መድረክ ላይ እንደ ልቡ መውጣት አቅቶት ነበር። በዚያ ጊዜ የተጽናናው ባኽን በማጥናት ነው። በ2000 የወጣው ቅጂው ድግግሞሹን ሁሉ ይዟል፣ ከ70 ደቂቃ በላይ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ሲመጣ ግን ያንኑ አይደግምላችሁም። ትንሽ ጌጥ ይጨምራል፣ አንዱን ድምፅ ወደ ኋላ መልሶ ሌላውን ያወጣዋል። ድምፁ ክብ ነው፣ የሚዘፍን ፒያኖ ነው። ጉልድን ስትሰሙ ስለ ጉልድ ታስባላችሁ። ፔራያን ስትሰሙ ሰውዬውን ትረሱታላችሁ። ለአንዳንዱ ይህ ጉድለት ነው፤ ለእኔ ግን በሳምንት ሦስት ጊዜ የምከፍተው ለዚህ ነው።

አዲስ ቀረጻ ለሚፈልግ የአይስላንዱ ፒያኒስት ቪኪንጉር ኦላፍሰን አለ፣ በ2023 የወጣ፣ በ2025 ግራሚ ያገኘ። ቀረጻው እጅግ ያምራል። ፈጣኖቹ ላይ አፍ ያስከፍታል። አልፎ አልፎ ግን ማማሩን ራሱ የሚያውቅ ሆኖ ይሰማኛል። ከቡድናችን ሁለቱ በዚህ አይስማሙም።

ሥራው ሲጻፍ ለፒያኖ አልነበረም፣ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ላለው ሃርፕሲኮርድ ነው። ፒያኖ ክሩን በመዶሻ ይመታል፤ ሃርፕሲኮርድ ይቆነጥረዋል፣ ወደ ክራር የቀረበ ነው። ቁልፉን ጠበቅ አድርጎ በመጫን ድምፁን ማጉላት አይቻልም። ለአንዳንድ ጆሮ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይሰለቻል። ለመሞከር ግን የትሬቨር ፒኖክን የ1980ውን እመክራለሁ፣ ሕይወት ያለው ነው። ቫንዳ ላንዶቭስካ በ1933 ፓሪስ የቀዳችው ታሪካዊ ነው። 25ኛውን ቫሪዬሽን «ጥቁር ዕንቁ» ያለችው እሷ ነች። ድምፁ ግን አሮጌ ነው፣ የመጀመሪያ ግዢ አይሆንም።

ገንዘብ የማታወጡ ከሆነስ? ወይ እንደ ብዙዎቻችን ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ከሌላችሁ? የፒያኒስቷ የኪሚኮ ኢሺዛካ ቅጂ አለላችሁ። በ2012 ከብዙ ሰው በተዋጣ ገንዘብ ተቀድቶ፣ ማንም እንዲያወርደውና እንዲያባዛው በነፃ የተለቀቀ ነው። ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ለጓደኛ ብትሰጡ የማንንም መብት አትነኩም። አጨዋወቱ ንጹሕና ቀና ነው፣ ቀረጻውም ጥሩ። ሥራው ራሱ ይስማማችሁ እንደሆነ ለመፈተን ከዚህ ጀምሩ፣ ሳይስማማችሁ ብር አታውጡ።

የምታወርዱ ሰዎች አንድ ነገር አትርሱ። ፋይሉ ብዙ ጊዜ በ32 ትራክ ተከፍሎ ይመጣል፣ ስለዚህ ሻፍሉን፣ ትራኮቹን ያለ ቅደም ተከተል የሚያዘበራርቀውን፣ አጥፉ። የመጀመሪያ ስብሰባችን ላይ የአንዱ ስልክ ሻፍል ላይ ነበርና 30ኛውን አስቀድሞ ከፈተው። አስር ደቂቃ ሙሉ ራሳችንን እየነቀነቅን ስለ ባኽ ጥልቀት ተናገርን፣ ማንም አልነቃም። በየትራኩ መካከል ቆም የሚል ማጫወቻም በተለይ የ81ዱን ጉልድ ያበላሸዋል፣ ያ መያያዝ ይበጠሳል።

ለእህቴ «የፔራያን ግዢልኝ» አልኳት። ቤት ውስጥ አብረውኝ ለሚኖሩትም አስቤ ነው፣ የሚያጉረመርም ሰው የለበትም። ሲዲው ደረሰ፣ ከሳምንት በላይ እሱን ብቻ ስከፍት ቆየሁ። ትናንት ማታ እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ጥቂት አዳመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

«ያ የሚያንጎራጉረው ልጅስ? ዛሬ የለም?»