ወንድሜን ለመለሰችልን ሲስተር

ደብረ ማርቆስና አካባቢው ያላችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ በመጠጥ የሚሰቃይ ሰው ያለባችሁ፣ እባካችሁ ይህችን አንብቡልኝ።

ታናሽ ወንድሜ ከ5 ዓመት በላይ አረቄ ሲጠጣ ኖረ። ጠዋት ሳይቀምስ እጁ ስኒ መያዝ አይችልም ነበር። ጠበል ወሰድነው፣ ሽማግሌ ላክንበት፣ አስማልነው። በመጨረሻ በሬ ሸጠን አንድ ቦታ ከፍለን አስገባነው። የቦታውን ስም አልጠራም። በር ቆልፈውበት «ቻለው» አሉት። በ2ኛው ቀን ጣለው። ምላሱን ነክሶ፣ ደም በደም ሆኖ አገኘሁት። ስጮህባቸው «ሰካራም መቼ ልማዱን ይተዋል» አሉኝ። ገንዘባችንንም አልመለሱም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከዚያ ነው አንዲት ጎረቤታችን ስለ ሲስተር የነገረችኝ። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ ሲስተር ብቻ እላታለሁ። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ከሱስ ለመውጣት የሚታገሉትን ሰብስባ ሥዕል ታስላቸዋለች፣ ጭቃ እያቦኩ ሸክላ ይሠራሉ፣ ግጥም ይጽፋሉ፣ ዋሽንት የሚችል ይነፋል። ሥዕልና ሱስን ምን እንደሚያገናኛቸው ያኔ አልገባኝም፣ አሁንም በደንብ አልገባኝም። ወንድሜን ግን አይቻለሁ።

መጀመሪያ አልተቀበለችውም። «ሐኪም ሳያየው እኔ ጋ አይመጣም» አለች። ብዙ ዘመን የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ በ2 ቀን ውስጥ ሊጥለው፣ ሊገድለውም እንደሚችል ያስረዳችኝ እሷ ናት። ያን ሁሉ ገንዘብ የበሉን ሰዎች ይህን አያውቁም ነበር? ሆስፒታል ተኝቶ መድኃኒት እየተሰጠው መንቀጥቀጡ አለፈለት። ከዚያ ቅዳሜ ጀመረ።

3 ሳምንት ቃል አልተነፈሰም። እሷም ተናገር አላለችውም። በ4ኛው ቅዳሜ ጠጥቶ ሄደ። ስትደውልልኝ ልቤ ቀጥ አለ። አባረረችው ብዬ እየሮጥሁ ስደርስ፣ ደጅ አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀምጣለች። ጋቢዋን አልብሳዋለች። ውስጥ ያሉትን ለረዳቷ ትታ ነው። አልተቆጣችም፣ አልመከረችም። «ወንድምዓለም፣ ጠጥቶ መግባት እንደማይቻል ታውቃለህ። ለሚመጣው ቅዳሜ ግን ቦታህ አለ» አለችው። እንደ ሕፃን አለቀሰ። በ5 ዓመት ውስጥ ሳይሰድበው ያናገረው ሰው አልነበረም። እኔም ሰድቤዋለሁ።

ቅዳሜ ሲደርስ ሄደ። ልጅ ሳለ የቆሎ ተማሪ ነበር፣ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት ጉባኤ ቃና ይቆጥር ነበር። ይህን ከማን እንደሰማች እንጃ፣ «እንደ ጉባኤ ቃናው 2 ስንኝ ብቻ፣ በአማርኛ» ብላ ወረቀት ሰጠችው። እሱ ፈቅዶልኝ ነው የማወጣው፦

ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ፣
እኔ ግን ሰው ሆንሁ የነቃሁ ለት በቃ።

ሰሙ የተሰነጠቀው ብርሌ ነው። ወርቁን አትጡት።

እማዬ እኛን ያሳደገችን አረቄ አውጥታ ሸጣ ነው። «በእጄ ነው የገደልሁት» እያለች ስንት ሌሊት አለቀሰች። ሲስተር ቤታችን ድረስ መጥታ ቡና ጠጣች። የእማዬን እጅ ይዛ «እማማ፣ ይኸ እጅ ልጆችዎን ያበሉበት እጅ ነው» አለቻት። እማዬ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ ትተኛለች። የልጇን ግጥም በቃሏ ይዛው ለመጣ እንግዳ ሁሉ ትለዋለች።

አሁን 11 ወሩ ነው። በመሐል አንዴ ወድቋል፣ ቅዳሜን ግን አልቀረም።

ሲስተርዬ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ምን ከፍዬ እንደምጨርሰው አላውቅም። እናንተም እባካችሁ፣ እባካችሁ ሰዋችሁን አታስቆልፉበት፣ ሐኪም አሳዩትና ወደ እሷ አምጡት። ከአማኑኤልም ከደምበጫም የሚመጡ አሉ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ብቻውን መሄድ ያፈረ ካለ እኔው ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ነው።