አዳና ስምንት በአምስት፦ በግዕዝ ፊደል ለሚያትም ሰው የሚበቃ የእጅ ማተሚያ

የራሱን ግጥም፣ የሠርግ ጥሪ ወይም አነስተኛ መጽሐፍ በአማርኛ በእጁ ማተም ለሚፈልግ ሰው፣ በተለይም መኖሪያው ብሪታንያ ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የማመለክተው አዳና ስምንት በአምስት የተባለውን የጠረጴዛ ላይ ማተሚያ ነው። ፊደሉ የሚታሰርበት የብረት ክፈፍ ስምንት ኢንች በአምስት፣ ማለትም 203 በ127 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የአዳና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1922 በዶናልድ አስፒናል ተመሥርቶ ለረጅም ዘመን በለንደን ዳርቻ በምትገኘው ትዊክንሃም ሲሠራ የቆየ ሲሆን፣ ይህ ሞዴል በ1950ዎቹ ወጥቶ እስከ 1999 ድረስ ተመርቷል። ስለዚህ ዛሬ በገበያ የሚገኘው ሁሉ ያገለገለ ዕቃ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። እጀታው ወደ ታች ሲጫን ቀለም የሚቀቡት ሁለት ተሽከርካሪ ጥቅልሎች (ሮለሮች) በፊደሉ ላይ አልፈው ከላይ ወዳለው ክብ የቀለም ሰሌዳ ይወጣሉ፤ ወረቀቱን የያዘው ጠፍጣፋ ብረትም ከፊደሉ ጋር ይገጥማል። እጀታው ሲለቀቅ ብረቱ ይከፈታል፣ ሮለሮቹም ፊደሉን ቀለም እየቀቡ ይወርዳሉ። የቀለሙ ሰሌዳ በየምቱ ጥቂት ስለሚዞር ቀለሙ በአንድ በኩል ብቻ አይሳሳም። ጫናው በአራት ብሎኖች ይስተካከላል፤ ጀማሪ ትዕግሥቱ የሚፈተነው በእነዚህ ብሎኖች ላይ ነው፤ ምክንያቱም አንዱን ማጥበቅ የሌላውን ማዕዘን ጫና ይለውጣል። አራቱን በየተራ ጥቂት ጥቂት ማዞር፣ የቀረውን ጉድለት ደግሞ ከወረቀቱ ጀርባ በሚገባ ስስ ወረቀት መሙላት ይሻላል።

ለእኛ ዋናው ጥያቄ ፊደሉ ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ማተሚያ ቤት የገባው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊት ሲታተም ነው፤ በአገራችንም በ1914 ዓ.ም. እንደተመሠረተው ብርሃንና ሰላም ባሉ ማተሚያ ቤቶች ፊደል ለቃሚዎች መስመሩን በጣታቸው ሲሠሩት ኖረዋል። ያ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም፤ 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው ብቻ 231 ይሆናሉ፣ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ደግሞ የፊደሎቹ ሳጥኖች ሙሉ ጠረጴዛ ይሸፍናሉ። እንዲህ ያለ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ፊደል ለግለሰብ በቀላሉ አይገኝም። አዳናን ለአማርኛ የሚያበቃው የፖሊመር ሰሌዳ፣ ማለትም ብርሃን ሲነካው የሚጠነክር የፕላስቲክ ሰሌዳ ነው። ጽሑፉ በኮምፒውተር ይዘጋጃል፣ ኔጌቲቭ ፊልም ይወጣለታል፣ በፊልሙ በኩል ብርሃን የነካው የሰሌዳው ክፍል ሲጠነክር ያልነካው በውኃ ይታጠባል። ከዚያ ሰሌዳው ከሥሩ በሚቀመጥ ብረት ላይ ይለጠፋል፤ ሁለቱ ተደምረው ግን የእርሳስ ፊደል ቁመት የሆነውን 0.918 ኢንች፣ ማለትም 23.3 ሚሊሜትር፣ በትክክል መምጣት አለባቸው።

ሰሌዳውን ለሚያዘጋጅ ድርጅት ፋይል ከመላክ በፊት የሚከተለውን አጥብቄ አሳስባለሁ። ብቻቸውን የሚቆሙ ነጥቦች ከ1 ፖይንት (የፊደል መጠን መለኪያ) በታች ከሆኑ በእጥበት ጊዜ ተነቅለው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ ደግሞ እንደዚያ ብቻቸውን የሚቆሙ ናቸው። በደቃቅ መጠን የተዘጋጀ ጽሑፍ ስለዚህ ቃላቱን የሚለየውን ሁለት ነጥብ በየቦታው አጥቶ ሊወጣ ይችላል። እንደ ጬ እና ቋ ባሉ ፊደላት ውስጥ ያለው ጠባብ ባዶ ቦታም ቀለም ሲበዛ ይደፈናል። በእኔ ግምት ለንባብ ጽሑፍ 14 ፖይንት ተገቢ ነው፤ ከዚያ ማነስ ካለበት ቀለሙን በጣም ማሳሳት ያስፈልጋል። በዚህ መጠንና በስስ ቀለም ሲታተም ግን ውጤቱ እጅግ ያምራል፤ የብርዕ ዳናውን የያዘው ወፍራም ጭረት ጥቁር ሆኖ ይቆማል፣ ቀጭኑም ሳይሰበር ይወጣል፣ ከኮምፒውተር የጨረር (ሌዘር) ማተሚያ የማይገኝ ጥርት ያለ ጠርዝም ይታያል።

በዘመኑ ፋሽን የሆነውን፣ ፊደሉ ወረቀቱ ውስጥ እስኪሰምጥ የመጫን ልማድ፣ ይህ ማተሚያ አይችለውም። አካሉ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ ከአቅሙ በላይ ሲገደድ ይሰነጠቃል። ክፈፉን የሚሞላ ጥቁር ሥዕልም በእጅ ኃይል ወጥ ሆኖ አይወጣም። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ የድሮ አታሚዎች ፊደሉ ወረቀቱን በእርጋታ ነክቶ የሚመለስበትን ኅትመት ይመርጡ ነበር፣ ጽሑፉም በሉሁ ጀርባ አብጦ የንባብ ገጹን አያበላሽም። ወፍራም የጥጥ ካርድ ላይ ጥልቅ ምልክት የሚፈልግ ሰው ግን ሌላ፣ ከበድ ያለ ማተሚያ ይፈልግ።

ለመጽሐፍስ ይበቃል? በልክ ከታሰበ ይበቃል። የኤ5 ሉህ ለሁለት ሲታጠፍ ገጹ 105 በ148 ሚሊሜትር ይሆናል፤ የሁለት ገጽ ጽሑፍ ጎን ለጎን ተደርጎ በክፈፉ ውስጥ ይገባል። የ16 ገጽ መድብል አራት ሉህ፣ ለአንድ ቅጂ ስምንት ምት ማለት ነው፤ 50 ቅጂ 400 ምት ይጠይቃል። ይህ አንድ ሰው በትዕግሥት የሚጨርሰው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እንደተመሠረተው የብሪታንያ ማተሚያ ማኅበር ባሉ ስብስቦች ውስጥም በእንዲህ ዓይነት ትናንሽ ማተሚያዎች የሚሠሩ አማተሮች ስላሉ፣ ምክር የሚጠይቁት ሰው አይጠፋም።

ሲገዙ የማሽኑ ቅብ ማንጸባረቁን አይመልከቱ፤ የእጀታውን መገጣጠሚያና የአካሉን ጎኖች ለስንጥቅ ይፈትሹ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ስንጥቅ በጥፍር ይታወቃልና። የተቧጠጡ ሮለሮች ሊለወጡ ይችላሉ፤ ሮለሮቹን የሚሸከሙት መንኰራኩሮች ካልተስተካከሉ ግን ፊደሉን ቀለም አይቀቡም፣ ይቦጭቁታል። ታድሶ የሚሸጠው ውድ ቢሆንም፣ ክፈፎቹ፣ የወረቀት መያዣዎቹና ማጥበቂያዎቹ ሳይጎድሉ ከመጡ፣ ከርካሹ ያንን እመርጣለሁ።